አረንጓዴ ሻይ ለአዛውንት፦ ከመድኃኒቱ ከረጢት እስከ ብርጭቆው

ለእናታቸው ወይም ለአባታቸው አረንጓዴ ሻይ ያስጀመሩ ብዙ ሰዎች ብዙም ሳይቆዩ ያቆማሉ። አዛውንቱ የሚያነሱት ቅሬታ ሁሌም ተመሳሳይ ነው። «መረረኝ።» «ሆዴን አቅለሸለሸኝ።» «ሌሊቱን ዓይኔ ሳይከደን ነጋ።» ከዚያ ፓኬቱ መደርደሪያው ጥግ ተወሽቆ አቧራ ይጠጣል። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የቅጠሉ አይደለም። ውሃው ከልክ በላይ ሞቆ ነው፣ ቅጠሉ ብዙ ደቂቃ ተዘፍዝፎ ነው፣ ወይም ሻይው በማይሆን ሰዓት ተጠጥቶ ነው።

አንዳንዱ ስህተት ደግሞ በምሬት ብቻ አያበቃም። ከደም ማነስ ክኒን ጋር በአንድ ትሪ የሚቀርብ ሻይ የክኒኑን ጉልበት ይወስዳል። ስለዚህ ሥራውን ከምድጃው አንጀምርም፤ ከመድኃኒቱ ከረጢት ነው የምንጀምረው።

መመሪያው አዛውንት ቤታቸው ላሉና ለራሳቸው ለሚያፈሉ አዛውንትም ነው። ሰዓቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ ዓመተ ምሕረቱ ግን የፈረንጅ ነው።

ምን ትጠብቁ?

በሰሜን ምሥራቅ ጃፓን፣ በሚያጊ ግዛት፣ ኦሳኪ በሚባለው አካባቢ ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 79 የሆኑ 40,530 ሰዎች ለዓመታት ክትትል ተደርጎባቸዋል። ውጤቱ በ2006 ታትሟል። በቀን 5 ሲኒና ከዚያ በላይ የሚጠጡት በልብና በደም ሥር በሽታ የመሞት ዕድላቸው ከ1 ሲኒ በታች ከሚጠጡት ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ልዩነቱ በሴቶቹ ላይ ጎላ ያለ ነበር። በካንሰር ሞት ላይ ግን ልዩነት አልታየም። የዚያ አገር ሲኒ ትንሽ ነው፤ 5ቱ ተደምሮ ግማሽ ሊትር ገደማ ነው።

ይህ የክትትል ጥናት ነው። ሻይ የሚያዘወትር ሰው በእግሩ የሚሄድ፣ ዓሣ የሚበላ፣ የማያጨስም ሊሆን ይችላል። ሻዩን ሰጥተው ውጤቱን የለኩ ሙከራዎች የሚያሳዩት ከዚህ አነስ ያለ ነገር ነው፦ መጥፎው ኮሌስትሮል በመጠኑ ይቀንሳል፣ ግፊትም ጥቂት ዝቅ ይላል። በቃ። የግፊቱን ክኒን አምሎዲፒንን ወይም የስኳሩን ክኒን ሜትፎርሚንን የሚተካ ነገር የለም። «ሻይው ይበቃኛል» ብለው ክኒን የሚተዉ አዛውንት ካሉ፣ ሻዩን አታስጀምሯቸው።

እኔን ብትጠይቁኝ፣ በእኛ ቤት ትልቁ ትርፍ የሚገኘው ከቅጠሉ ሳይሆን ከሚቀረው ስኳር ነው። በአንድ ብርጭቆ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ በቀን 3 ብርጭቆ፣ ተደምሮ 36 ግራም ገደማ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ዝቅ ቢል ይሻላል የሚለው መጠን ለአንድ ቀን 25 ግራም ገደማ ነው። አረንጓዴው ሻይ ያንን ጣፋጭ ሻይ ከተካ ጥቅሙ የሚታይ ነው። በላዩ ላይ ከተጨመረ ግን ያተረፋችሁት ብዙም የለም።

ደረጃ 1፦ የመድኃኒቱን ከረጢት ገልብጡ

1. አዛውንቱ የሚወስዱትን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ አውጡ። ክኒኑን፣ ሽሮፑን፣ ቫይታሚኑን፣ ጎረቤት የሰጠቻቸውን ዱቄት ጭምር።
2. የሁሉንም ስም ወረቀት ላይ ጻፉ። ፋርማሲ ውሰዱትና «ከእነዚህ ውስጥ ከአረንጓዴ ሻይ ጋር የማይስማማ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። አታፍሩ፤ ሥራቸው ነው።
3. ቀጥሎ ካሉት አንዱን ካያችሁ፣ የተጻፈውን ሳታደርጉ ሻይ አታፍሉ።

*የአይረን ክኒን።* በሻይ ውስጥ ያለው የሚያኮማትር ነገር አይረኑን አንጀት ውስጥ ይይዘዋል፤ ወደ ደም አይገባም። በክኒኑና በሻዩ መካከል ቢያንስ 2 ሰዓት ይኑር። ደም ማነሱ ገና እየታከመ ከሆነ ሻዩን ለጊዜው ብታዘገዩት ይሻላል።

*ዋርፋሪን።* ደም ማቅጠኛ ነው። አረንጓዴ ቅጠል ቫይታሚን ኬ አለው፤ ቫይታሚን ኬ ደግሞ የዋርፋሪንን ሥራ ያዳክማል። ተፈልቶ በተጠለለ ሻይ ውስጥ ያለው ጥቂት ነው። ችግሩ የሚመጣው መጠኑ ሲበዛ ወይም ሲዋዥቅ ነው፦ ዛሬ 5 ብርጭቆ፣ ነገ ባዶ። ሐኪማቸው ሳያውቅ አትጀምሩ። ከተፈቀደ መጠኑ በየቀኑ አንድ ዓይነት ይሁን፤ የደም መቅጠኑ ምርመራም ቶሎ ይደገም። ማቻ የሚባለው ዱቄት ግን ቅጠሉ ራሱ ስለሚጠጣ ለእነዚህ ሰዎች አይሆንም።

*ናዶሎል።* የግፊትና የልብ መድኃኒት ነው። በ2014 የወጣ አንድ አነስተኛ የጃፓን ጥናት 10 ጤነኛ ሰዎችን በቀን 700 ሚሊ ሊትር አረንጓዴ ሻይ አጠጥቶ ነበር። ደማቸው ውስጥ የገባው ናዶሎል በ85 በመቶ ቀነሰ። ይህን የሚወስድ ሰው አረንጓዴ ሻይ አይጠጣ።

*ሌቮታይሮክሲንና አለንድሮኔት።* የመጀመሪያው ለታይሮይድ፣ ሁለተኛው ለአጥንት መሳሳት ነው። ሁለቱም በባዶ ሆድ፣ በንጹህ ውሃ ብቻ ይዋጣሉ። ሻዩ ከቁርስ በኋላ ይቆይ።

*አሚኖፊሊንና ቴዎፊሊን።* የአስም መድኃኒቶች ናቸው፤ ከካፌይን ጋር የሥጋ ዘመድ ናቸው ማለት ይቻላል። ሲደራረቡ ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል። ካፌይን የወጣለት ካልሆነ ይቅር።

*ሲፕሮፍሎክሳሲን።* ይህ አንቲባዮቲክ ካፌይን ከሰውነት ቶሎ እንዳይወጣ ያደርጋል። ክኒኑ እስኪያልቅ ሻዩን አቁሙ።

4. በሽታውንም እዩ። ስትሮክ አግኝቷቸው ውሃ ሲጠጡ የሚያንቃቸው ከሆነ፣ ማንኛውም ቀጭን ፈሳሽ ወደ ሳንባ ሊገባ ስለሚችል ሐኪም ሳይጠየቅ አይሰጣቸው። የልብ ድካም ኖሮባቸው የፈሳሽ መጠን ከተወሰነላቸው፣ ሻዩ ከዚያው ከተፈቀደው ላይ ይቆጠር። የጉበት በሽታ ካለባቸውም ሐኪሙ ይወስን።

ማስጠንቀቂያ፦ «የአረንጓዴ ሻይ ጭማቂ» እየተባለ በእንክብል የሚሸጠውን አትግዙ። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን በ2018 እንዳለው፣ ኢጂሲጂ የሚባለው ንጥረ ነገር በቀን 800 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ በእንክብል ሲወሰድ የጉበት ጉዳት ምልክቶች ታይተዋል። እንደተለመደው ተፈልቶ የሚጠጣው ሻይ ግን በአጠቃላይ ችግር የለበትም። ዘመድ ከአሜሪካ በሻንጣ የላከው ቢሆንም ያው ነው፤ አመስግኑና አስቀምጡት።

ደረጃ 2፦ ሲገዙ ፓኬቱን አንብቡ

አረንጓዴውም ጥቁሩም ሻይ የሚለቀሙት ከአንድ ተክል ነው። በውሽውሽና በጉመሮ የሚበቅለው ይኸው ተክል ነው። ጥቁሩ ቅጠል ተፈትጎ አየር እየመታው እስኪጠቁር ይቆያል። አረንጓዴው ደግሞ ብዙም ሳይቆይ በእንፋሎት ወይም በብረት ምጣድ ሙቀት ይመታና እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ ጥቁር ሻይ አቅጥኖ ማፍላት አረንጓዴ አያደርገውም። ይህን የሚሞክሩ አሉ።

1. «የተሠራበት» የሚለውን መስመር ፈልጉ። አንድ ነገር ብቻ ይጻፍበት፦ አረንጓዴ ሻይ። ጃስሚን አበባ ቢጨመርበት ችግር የለውም።
2. «ክብደት ቀናሽ»፣ «ሆድ አጽጂ»፣ «ዲቶክስ» የሚል ካለበት መልሱት። ብዙዎቹ ውስጥ ሰናመኪ (ሴና) አለ። ሰናመኪ ያስቀምጣል። አዛውንት ሲያስቀምጣቸው ፖታሲየም ይወርዳል፤ በተለይ ፉሮሰማይድ ወይም ሌላ የሚያሸና ክኒን የሚወስዱ ከሆነ ልባቸው እስከመዛባት ይደርሳል። ዲጎክሲን የሚባለውን የልብ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነማ ጭራሽ አይታሰብ።
3. ቀኑን እዩ። አረንጓዴ ሻይ እንደ ጥቁሩ አይቆይም። በወራት ውስጥ የምትጨርሱትን ትንሽ ፓኬት ግዙ።
4. ልቅ ቅጠል ከሆነ አሽትቱት። ትኩስ ሣር ወይም የተቆላ ነገር ከሸተተ ደህና ነው። ቀለሙ ቡናማ ሆኖ የድርቆሽ ሽታ ካለው አርጅቷል።
5. በጠርሙስ ተዘጋጅቶ ከሚሸጠው ራቁ። አብዛኛው ስኳር ውሃ ነው።

ቤት ስትገቡ ክዳኑ ጥብቅ ባለ፣ ብርሃን በማያሳልፍ ዕቃ ገልብጡት። ከቡናና ከበርበሬ አርቁት። ሻይ ቅጠል ሽታ ይስባል፤ ኮረሪማ አጠገብ ያደረ አረንጓዴ ሻይ ኮረሪማ ኮረሪማ ይላል።

ደረጃ 3፦ ዕቃውን አሰናዱ

የሚያስፈልገው ትንሽ ነው። ውሃ ማፍያ፣ ሁለት ኩባያ፣ ማጥለያ፣ የሻይ ማንኪያ፣ ደቂቃ የሚቆጥር ስልክ። የሥጋ ቴርሞሜትር ካላችሁ እሰየው፤ ግዴታ ግን አይደለም።

ሻይ ቅመም ሲፈላበት የኖረ በራድ አትጠቀሙ። የቅርንፉዱና የቀረፋው ሽታ በቀላሉ አይለቅም። አዛውንቱ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ መስታወት ብርጭቆውን ተዉትና እጀታ ያለው ሰፊ ኩባያ አዘጋጁ። ከግማሽ በላይ አትሙሉት።

ደረጃ 4፦ ውሃው

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። እኛ ሻይ የምናውቀው ከውሃው ጋር አብሮ ሲንተከተክ ነው። ያ ለጥቁር ሻይና ለቅመም ይሆናል። አረንጓዴውን ቅጠል በሚንተከተክ ውሃ ከመታችሁት ግን የሚያኮማትረውና የሚመረው ነገር በአንድ ጊዜ ይወጣል። ምላስ ይደርቃል፣ ጉንጭ ይሰበሰባል። አዛውንቱም «ይሄ ኮሶ ነው!» ይሏችኋል። እውነታቸውን ነው።

የሚፈለገው ሙቀት ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነው። የጃፓኑ ዓይነት ወደ 70 ይጠጋል፣ የቻይናው ወደ 80። እንዲህ አድርጉ፦

1. ውሃውን ሙሉ በሙሉ አፍሉት። ለብ ሲል አታውርዱት፤ መጀመሪያ መፍላቱ ለንጽሕናው ያስፈልጋል።
2. ከእሳት አውርዱ።
3. ቅጠል በሌለበት ቀዝቃዛ ኩባያ ገልብጡት። አንድ ጊዜ ሲገለበጥ ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል።
4. ወደ ሁለተኛው ኩባያ ገልብጡ። አሁንም ይወርዳል።
5. እንፋሎቱን እዩ። እየተጥመለመለ በኃይል ከወጣ ገና ነው። ቀስ ብሎ፣ ቀጥ ብሎ፣ ስስ ሆኖ ከወጣ ደርሷል።

ስንት ጊዜ መገልበጥ እንዳለባችሁ የምትኖሩበት ቦታ ይወስናል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። እዚያ ሁለት ጊዜ መገልበጥ ይበቃል። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ያላችሁ ግን ውሃችሁ በ100 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ሦስት ጊዜ ገልብጡ፣ ወይም ክዳኑን ከፍታችሁ ከ5 እስከ 7 ደቂቃ አቆዩት። እህቱ ከአሜሪካ በስልክ የነገረችውን ደቂቃ አዲስ አበባ ላይ እንዳለ የሚከተል ሰው ሻዩ የሚቀጥንበት ምክንያት ይኸው ነው።

ካልተሳካ፦ በጣም ከቀዘቀዘባችሁ መልሳችሁ አትጣዱት። ከማፍያው ጥቂት ትኩስ ውሃ ጨምሩበት። ፔርሙዝ ውስጥ ያደረ ውሃ ብዙ ጊዜ በልኩ የወረደ ስለሚሆን ለዚህ ሥራ ምቹ ነው፤ ሳይገለበጥ በቀጥታ ይሆናል።

ደረጃ 5፦ መዘፍዘፍ

1. ለአንድ ብርጭቆ (200 ሚሊ ሊትር) 2 ግራም ቅጠል ለኩ። ልቅ ቅጠል ከሆነ እንደ ቅጠሉ መጠን ከ1 የሻይ ማንኪያ ትንሽ ቢያልፍ ነው። ባለ ክሩ ከረጢት ከሆነ አንዱ ይበቃል።
2. ቅጠሉን ኩባያው ውስጥ አድርጉና የተዘጋጀውን ውሃ ቀስ ብላችሁ አፍስሱበት።
3. ስልኩን 2 ደቂቃ ሙሉት። ለመጀመሪያው ሳምንት 1 ደቂቃ ተኩል ይበቃል።
4. ሲጮህ ወዲያው አጥልሉ። ከረጢቱን አውጡት። በማንኪያ አትጭመቁት፤ ምሬቱ ያለው እዚያ ጭማቂ ውስጥ ነው።
5. ቀለሙን እዩ። ፈዘዝ ያለ ቢጫ ወይም ቢጫማ አረንጓዴ መሆን አለበት። እንደ ጥቁር ሻይ ደማቅ እስኪሆን የሚጠብቅ ሰው መራራ ነው የሚያገኘው።

ያው ቅጠል ለሁለተኛ ጊዜ ይሆናል። በዚያው ቀን ግን። እርጥብ ቅጠል አሳድሮ ለአዛውንት መስጠት አይገባም።

የመጀመሪያውን 30 ሰከንድ ውሃ ደፍታችሁ ካፌይኑ ሁሉ እንደወጣ የሚነግሯችሁን አትስሙ። በዚያ አጭር ጊዜ የሚወጣው ትንሹ ብቻ ነው። ካፌይን የሚያስቸግራቸው ከሆነ ካፌይን የወጣለትን ግዙ፤ ወይም በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፉ። ተፈልቶ የቀዘቀዘ ግማሽ ሊትር ውሃ ውስጥ 5 ግራም ቅጠል ጨምራችሁ ፍሪጅ ውስጥ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ብታቆዩት ምሬቱም ካፌይኑም ይቀንሳል። ከመጠጣቱ በፊት ብርዱን ይልቀቅ።

ማስጠንቀቂያ፦ አዛውንት ትኩስ ይወዳሉ። «ሻይ ሲፋጅ ነው» ይላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2016 እንዳሳወቀው፣ ከ65 ዲግሪ በላይ የሆነ መጠጥ ማዘውተር የጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም። ስለዚህ ከተጠለለ በኋላም ጥቂት ደቂቃ ይቆይ። የመጀመሪያዋን ጉንጭ ሳያስቡት በእፎይታ መጠጣት ከቻሉ ልኩ ነው፤ «ኡፍፍ» እያሉ ከሆነ ገና ነው።

ደረጃ 6፦ ሰዓቱ

ከምግብ ጋር አትስጡ። ቁርሳቸውን በሻይ ማወራረድ ለለመዱ ይህ ከባድ ትእዛዝ ነው፤ ግን ምክንያት አለው። ጤፍ፣ ምስር፣ ሽሮና ጎመን ውስጥ ያለው አይረን ከሥጋው ይልቅ በቀላሉ በሻይ ይያዛል። ዕድሜው የገፋ፣ ሥጋ ብዙም የማይበላ ሰው ያለው የአይረን ምንጭ ደግሞ ያው ነው። ከምግብ በኋላ ቢያንስ 1 ሰዓት ይቆይ።

በባዶ ሆድም አትስጡ። ማቅለሽለሹ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው። ጨጓራና ቃር ላለባቸው ይብሳል።

ቀኑ እንዲህ ቢሆን ይቀላል፦

- ጠዋት 1 ሰዓት፦ ቁርስና የጠዋት ክኒን፣ በውሃ።
- ረፋድ 4 ሰዓት፦ የመጀመሪያው አረንጓዴ ሻይ። ትንሽ ቆሎ ወይም ቁራሽ ዳቦ አብሮት ቢሆን ደግ ነው።
- 6 ሰዓት ተኩል፦ ምሳ።
- 8 ሰዓት፦ ሁለተኛው፣ የሚስማማቸው ከሆነ።
- ከ9 ሰዓት በኋላ፦ የለም።

የመጨረሻው መስመር ቀልድ አይደለም። የጠጡት ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ማታ የተጠጣ ሻይ ሌሊት ለሽንት ያስነሳል፤ ሌሊት በጨለማ መነሳት ደግሞ መውደቅን ያመጣል። የአዛውንት የዳሌ አጥንት ስብራት ከየትኛውም የሻይ ጥቅም ይበልጣል።

*በጾም ቀን።* እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ መጀመሪያ ይብሉ። ከምግቡ በኋላ 1 ሰዓት ሲቆጠር 10 ሰዓት ተኩል ይሆናል፤ ይህ ለብዙዎች ለእንቅልፍ ቅርብ ነው። በእነዚያ ቀናት ግማሽ ብርጭቆ አቅጥናችሁ ስጡ፣ ወይም ጭራሽ ይቅር። በረመዳን ደግሞ ጊዜው ሌሊት ብቻ ስለሆነ ካፌይን የወጣለት ካልሆነ አያስፈልግም።

*ቡናውን አትርሱ።* አንድ ብርጭቆ አረንጓዴ ሻይ 30 ሚሊ ግራም ገደማ ካፌይን አለው፤ ቡና ከዚህ በብዙ ይበልጣል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥተው የተነሱ እናት ላይ ሻይ መጨመር የለባችሁም። የቡና ቀን የቡና ነው። ካልሆነ ከአቦሉ በኋላ ይቁሙ፤ ማን እንደሚያስቆማቸው ግን እናንተ ታውቃላችሁ።

ደረጃ 7፦ ቀስ ብሎ መጀመር

1. ለመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ግማሽ ብርጭቆ፣ በቀን አንድ ጊዜ፣ ረፋድ ላይ።
2. ሆድና እንቅልፍ ሰላም ከሆኑ ወደ ሙሉ ብርጭቆ አሳድጉ። ሳምንቱን በዚያ ይቆዩ።
3. በሁለተኛው ሳምንት የከሰዓቱን ጨምሩ።
4. በቀን ከ2 እስከ 3 ብርጭቆ ላይ ቁሙ። ጃፓኖቹ ይህን ያህል ጠጡ ተብሎ የሰባ ዓመት ሰው ላይ በአንድ ጊዜ አይጫንም፤ እነሱ ከልጅነታቸው ለምደውታል።
5. ቤት የግፊት መለኪያ ካለ፣ በእነዚህ ሁለት ሳምንታት በአንድ ሰዓት እየለካችሁ ደብተር ላይ ጻፉ። ሌሊት ስንቴ እንደተነሱም ጻፉ።

*ስኳሩ።* በአንድ ቀን አትንጠቋቸው፤ ይኮርፋሉ። ከ3 ማንኪያ ወደ 2፣ በሳምንቱ ወደ 1፣ ከዚያ ወደ ግማሽ። የሎሚ ጠብታ ወይም አንድ ቅጠል ጤና አዳም የጣዕሙን ክፍተት ይሞላል። ዝንጅብልም ያስኬዳል፤ ዋርፋሪን ለሚወስዱ ግን እሱንም አታብዙ። ማር «ተፈጥሯዊ ነው» ተብሎ ለስኳር ሕመምተኛ የሚጨመር አይደለም፤ ደም ውስጥ ሲገባ ያው ስኳር ነው። ስኳራቸውን በኢንሱሊን የሚቆጣጠሩ ከሆነ ደግሞ ጣፋጩን ሻይ ስታስቀሩ ስኳራቸው ከወትሮው ዝቅ ሊል ስለሚችል በእነዚያ ቀናት ደጋግማችሁ ለኩ።

ችግር ሲገጥም

መረረ። የቅጠሉን መጠን ከመቀነሳችሁ በፊት ውሃውን አንድ ጊዜ ጨምራችሁ ገልብጡ። አሁንም ከመረረ ደቂቃውን ወደ 1 አውርዱ። ቅጠሉን መቀነስ የመጨረሻው ነው። የመረረውን ብርጭቆ ለማዳን ሙቅ ውሃ እኩል አድርጋችሁ ጨምሩበት፤ ስኳር አትጨምሩበት።

ውሃ ውሃ አለ። ወይ ቅጠሉ አርጅቷል፣ ወይ ውሃው ከልክ በላይ በርዷል። 30 ሰከንድ ጨምራችሁ ሞክሩ። ለውጥ ከሌለ ፓኬቱን ቀይሩ።

ቆይቶ ቡናማ ሆነ። አየር መትቶት ነው። አይመርዝም፤ ግን ጣዕሙ ይሄዳል። ጠዋት አፍልቶ ፔርሙዝ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ማቆየት የማይመከረው ለዚህ ነው። ፔርሙዝ ውስጥ ውሃውን ብቻ አስቀምጡ፤ ቅጠሉን በሚጠጣበት ሰዓት ዘፍዝፉ።

አቅለሸለሸ። ምን በልተው እንደነበር ጠይቁ። ባዶ ሆድ ከነበረ ሰዓቱን አስተካክሉ። በልተውም ካቅለሸለሻቸው አቅጥኑት። በሦስተኛው ቀን ካልተሻላቸው ተዉት፤ ለአንዳንድ ሆድ አይስማማም።

እንቅልፍ ጠፋ። የከሰዓቱን አስቀሩ። ካልበቃ፣ የረፋዱን ካፌይን በወጣለት ቀይሩ።

ልብ መታ፣ እጅ ተንቀጠቀጠ። በዚያ ቀን የጠጡትን ቡናም ቁጠሩ። ሻዩ ከቆመ በኋላም ካልተዋቸው ግፊታቸውን ለክታችሁ ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው።

ሆድ ደረቀ። ውሃ ጠጥተው እንደሆነ እዩ። ሻዩ የውሃውን ቦታ ወስዶ ከሆነ በእያንዳንዱ ብርጭቆ ሻይ ላይ አንድ ብርጭቆ ውሃ አስከትሉ። የፈሳሽ ገደብ ያለባቸውን አይመለከትም።

«ይሄንን ሣር አልጠጣም» አሉ። አትጨቃጨቁ። ጥቁሩን ሻይ ያለ ስኳር፣ በዚያው ሰዓት ስጧቸው። የስኳሩን ትርፍ ታገኙታላችሁ፤ ዋናው እሱ ነው ብያለሁ።

መቼ ቆሞ ሐኪም ጋ ይኬዳል?

ከሚከተሉት አንዱን ካያችሁ ሻዩን ዛሬውኑ አቁሙ፦

1. የዓይን ነጩ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንት እንደ ኮካ ከጠቆረ፣ ወይም ቀኝ ጎን ከጎድን አጥንት ሥር ካመመ። በጣም አልፎ አልፎ የሚደርስ ነው፤ ሲደርስም አብዛኛውን ጊዜ እንክብል ከሚወስዱት ላይ ነው።
2. አቅም ካነሳቸው፣ ሲነሱ ካዞራቸው፣ የዓይን ሥራቸው ከነጣ። የደም ማነስ ምርመራ ይፈልጋል።
3. ዋርፋሪን የሚወስዱ ሆነው እግራቸው በአንድ ጎን ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠራቸው፣ ወይም አንድ ጎናቸው ከደነዘዘ። ይህ ቀጠሮ የሚጠብቅ አይደለም፤ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ስትሄዱ የክኒኑን ወረቀትና የሻዩን ፓኬት ይዛችሁ ሂዱ። «አንድ ቅጠል ነገር ይጠጣሉ» ብቻ ከተባለ ሐኪሙ ምንም ሊያደርግበት አይችልም። ፓኬቱን ከነመለያው፣ ስንት ብርጭቆ በስንት ሰዓት እንደሆነ ከነደብተሩ አሳዩት።